ምዕራፍ 7፦ በእርጥብና በደረቅ መካከል

ዞማ ፀጉር ታጥቦ ሲደርቅ በራሱ ይተኛል። ከርዳዳ ፀጉር ደግሞ በሹሩባ፣ በቅባትና በትዕግሥት የሚያዝበት፣ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ የቆየ ዘዴ አለው። መላ ያጣው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ ውሃ ሲነካው ደስ የሚል ሞገድ የሚያሳይ፣ ሲደርቅ ግን የሚንጨባረር ፀጉር። ማበጠሪያ ሲነሣበት ይብሳል፤ ሲተውት አንዱ ወገን ይተኛና ሌላው ቆሞ ይውላል። ፀጉር ቤት ሄዶ በቢጎዲን መጠቅለልና ካስክ ሥር መቀመጥ ለሠርግ ይሆናል እንጂ ለሰኞ ጠዋት አይሆንም።

ይህ ምዕራፍ ለሰነፎች ጥብቅና ይቆማል። አልገራ ያለ ፀጉር ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ሥራ አይፈልግም፤ ሥራው የሚሠራበትን ሰዓት ማወቅ ይበቃዋል። ያቺ ሰዓት አንድ ብቻ ናት፦ ፀጉሩ ከእርጥብነት ወደ ደረቅነት የሚሻገርባት። ለምን እንደሆነ ለማየት ከፀጉሩ ለጥቂት ገጽ ራቅ እንበልና ወደ ልብስ እንሂድ።

ሸሚዙን እናስታውስ

በሁለተኛው ምዕራፍ የጥጥ ሸሚዝ ለምን እንደሚጨማደድ አይተን ነበር። ጥጥ የረጃጅም ሰንሰለቶች ክምር ነው። ሰንሰለቶቹን ጎን ለጎን አያይዞ የሚያቆያቸው የሃይድሮጂን ትስስር ይባላል፤ አንዱ ትስስር ብቻውን ደካማ ነው፣ ተደምረው ግን ጨርቁን ቅርጽ ያስይዙታል። ውሃ ሲገባ በሰንሰለቶቹ መካከል ይሰነቀርና ትስስሩን ይፈታዋል። ውሃው ሲወጣ ትስስሩ እንደገና ይቋጠራል፤ የሚቋጠረው ግን ጨርቁ በዚያች ሰዓት በነበረበት ቅርጽ ነው። ሸሚዝ ተጨማድዶ ገመድ ላይ ከደረቀ ጭምድዱ ይጸናል። ውሃ ረጭተን ካውያ ስናሳርፍበት ያንኑ ትስስር ፈትተን፣ ጨርቁ ተዘርግቶ ሳለ እንዲቋጠር እናደርገዋለን።

ፀጉር ከጥጥ የሚለየው በተሠራበት ነገር ነው። የጥጥ ሰንሰለት የስኳር ዘመድ ነው፤ የፀጉር ሰንሰለት ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ጥፍርም፣ የበሬ ቀንድም፣ የበግ ሱፍም ከዚሁ ወገን ናቸው። ወደ ውሃ ስንመጣ ግን ሸሚዝንም ፀጉርንም የሚገዛቸው አንድ ሕግ ነው። ታጥበው ሳይደርቅ የተኙበት ፀጉር እንደተጣጠፈ የሚውለው በዚህ ሕግ ነው። በቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ ሥር የደረቀውም ተጠቅልሎ የሚቀረው በዚሁ ሕግ ነው፤ ቢጎዲኑ ቅርጹን ይይዛል፣ ካስኩ ውሃውን ያስወጣል፣ የቀረውን ትስስሩ ይሠራል። ከፀጉር ቤት በር ላይ ካፊያ ከተቀበለን ሁሉም ይፈታል፤ የተከፈለውም ገንዘብ አብሮ።

እንግዲህ የፀጉር ቅርጽ በያንዳንዱ እጥበት ይፈርሳል፣ በያንዳንዱ መድረቅ እንደገና ይሠራል። ከዚህ በታች የሚመጣው ሁሉ የዚህ አንድ ሐሳብ ዝርዝር ነው።

የጄኔቫው ሰው ፀጉር

አንድ የራስ ፀጉር ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይሞላም። በዚያች ቅጥነት ውስጥ የኬራቲን ጥቅል አለ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ስስ ቅርፊቶች ተደራርበው ተነጥፈዋል። ቅርፊቶቹ ፊታቸውን ወደ ጫፍ አድርገው ተኝተዋል። አንድ ፀጉር በሁለት ጣት ይዛችሁ ከሥር ወደ ጫፍ ብትስቡ ይለሰልሳል፣ ከጫፍ ወደ ሥር ብትመለሱ ይሻክራል። በቅርፊቶቹ ገጽ ላይ ከፀጉሩ ጋር የተጣበቀ እጅግ ስስ የስብ ሽፋን አለ፤ ጤነኛ ፀጉር ላይ የወደቀ የውሃ ጠብታ ወዲያው ሳይሰርግ የሚቆየው በእርሱ ነው።

ሽፋኑ ጠብታን ይመክታል እንጂ በአየር ውስጥ ያለውን እርጥበት አያቆምም። ደረቅ የምንለው ፀጉር ሁልጊዜ የተወሰነ ውሃ አለው፤ አየሩ በእርጥበት ከጠገበ ፀጉር የክብደቱን 30 በመቶ ያህል ውሃ ሊይዝ ይችላል። ያን ጊዜ በውፍረቱ 15 በመቶ ገደማ ያብጣል፤ በርዝመቱ ግን የሚጨምረው 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ይህ ትንሽ ጭማሪ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶስዩር የተባለ የጄኔቫ የተፈጥሮ ተመራማሪ የአየር እርጥበትን የሚለካ መሣሪያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1783 ስለ እርጥበት መለኪያ በጻፈው መጽሐፍ አሳተመው። የመሣሪያው ልብ ስቡ ታጥቦ የወጣለት የሰው ፀጉር ነበር። ፀጉሩ በአንድ ጫፉ ታስሮ በሌላው ጫፉ መርፌ ያንቀሳቅሳል፤ አየሩ ሲረጥብ ፀጉሩ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፣ መርፌው ይዞራል። የኤሌክትሮኒክስ መለኪያዎች እስኪተኩት ድረስ በሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ውስጥ ፀጉር ለረጅም ዘመን በዚህ ሥራ ላይ ኖሯል። ጠዋት መስተዋት ፊት የሚያናድደን ነገር ለሶስዩር የምርምር ዕቃ ነበር።

ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ

እስካሁን ያየነው የአንድ ፀጉርን ጠባይ ነው። መንጨባረር ግን የአንድ ፀጉር ጠባይ አይደለም፤ ብዙ ፀጉሮች አብረው መኖር ሲያቅታቸው የሚሆን ነው። ራሳችን ላይ መቶ ሺህ ገደማ ፀጉር አለ። እያንዳንዱ የሚበቅልበት ቀዳዳ ቀጥ ያለ ከሆነ ፀጉሩ ቀጥ ይላል፤ ቀዳዳው ያዘመመና የጎበጠ ከሆነ ፀጉሩም ይጠመዘዛል። ሞገዳማ ፀጉር ላይ ትንሽ ይጎብጣል፣ ያውም ከቦታ ቦታ ሳይመሳሰል፤ ማጅራት ላይ ያለው ሲሞገድ ግንባር ላይ ያለው ቀጥ ሊል ይችላል።

ፀጉሩ በውሃ ሲርስ ውሃው ጎረቤታሞቹን ፀጉሮች ስቦ ያጣብቃቸዋል። ሁሉም አንድ ላይ ታጥፈው አንድ ወፍራም ሞገድ ይሆናሉ። ከገላ መታጠቢያ ስንወጣ የምናየውና «ምናለ እንዲህ በቀረ» የምንለው ያ ነው። ውሃው በጸጥታ ከወጣ ትስስሩ በየፀጉሩ ውስጥ ይቋጠራል፣ ጎረቤታሞቹም አንድ ዓይነት ጉብጠት ስለያዙ ተያይዘው ይቀራሉ።

እኛ ግን ዝም አንልም። ፎጣ አንሥተን እንፈትገዋለን፣ ማበጠሪያ እንሰድበታለን፣ በጣታችን እየበተንን ደረቀ አልደረቀ እንላለን። በያንዳንዱ ንክኪ ጥቂት ፀጉሮች ከጎረቤቶቻቸው ይለያሉ፤ የተለዩትም ለየብቻ፣ በየራሳቸው ጉብጠት ይደርቃሉ። አንዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ሌላው ወደ ግራ ይታጠፋል። አንድ ላይ መተኛት ስለማይችሉም አየር በመካከላቸው ይገባና ፀጉሩ ይነፋል። የደረቀ ሞገዳማ ፀጉርን ማበጠር የዚህ ሁሉ ቁንጮ ነው። ቀጥ ባለ ፀጉር ላይ ማበጠር ያስተካክላል፤ እዚህ ግን ተያይዘው የደረቁትን በጉልበት ይበትናል። ሸሚዙን ተኩሶ ሲያበቃ ጨብጦ እንደማሸት ነው።

ክረምትና በጋ

ሁለተኛው የመንጨባረር ምክንያት ከውጭ ይመጣል፤ እርሱም ሁለት መልክ አለው።

የመጀመሪያው የእርጥብ አየር ነው። ፀጉሩ በደንብ ደርቆ ቅርጽ ከያዘ በኋላ አየሩ በእርጥበት ከጠገበ፣ ውሃ እየሰረገ ትስስሩን በየቦታው ይፈታዋል። አሠራሩ ግን እኩል አይደለም፤ ሽፋኑ የተላጠበት ፀጉር ቶሎ ይጠጣል፣ ያልተላጠው ይዘገያል፤ ጎረቤታሞች ይለያያሉ። በአዲስ አበባ ይህ የሐምሌና የነሐሴ ጣጣ ነው። ጅዳ ወይም ዱባይ የሚሠሩ ሴቶች ደግሞ በዚሁ ወቅት በቀን ብዙ ጊዜ ያዩታል፤ በአየር ማቀዝቀዣ ከደረቀ ቤት ወጥተው የባሕር ዳርቻው አየር ሲቀበላቸው ፀጉራቸው ደጃፉን ሳያልፉ ይነሣል።

ሁለተኛው የደረቅ አየር ነው፤ ብዙ ሰው ከመጀመሪያው ጋር ያደባልቀዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀጉር ማበጠሪያውን ተከትሎ ሲነሣ፣ ሹራብ ሲወልቅ «ጧ ጧ» ሲል፣ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ነው። የፕላስቲክ ማበጠሪያ ፀጉሩን ሲፈትገው በየፀጉሩ ላይ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ይቀራል፤ አንድ ዓይነት ሙሎች ደግሞ ይገፋፋሉ። አየሩ ቢረጥብ ኖሮ ሙሉ ተንጠፍጥፎ ይሄድ ነበር፤ በደረቅ አየር ግን እዚያው ይቆያል። ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ሰው ሁለቱንም በአንድ ዓመት ያገኛል፦ በነሐሴ የእርጥቡን፣ በጥር ማሞቂያ የበራበት ቤት ውስጥ የደረቁን።

ልዩነቱ መድኃኒቱን ይለውጠዋል። ለደረቁ ዓይነት ትንሽ ውሃና ኮንዲሽነር ይበቃል። ለእርጥቡ ግን ውሃ መጨመር እሳት ላይ ቤንዚን ነው፤ የሚያስፈልገው መከለያ ነው።

ኮንዲሽነር፣ ቅቤ፣ ተልባ

በአራተኛው ምዕራፍ የሳሙና ቅንጣት ሁለት ጫፍ እንዳላት፣ በአንዱ ውሃ በሌላው ስብ እንደምትይዝ አይተናል። ኮንዲሽነር ውስጥ ያለችው ቅንጣት የሳሙና እኅት ናት፤ ውሃ የሚወደው ጫፏ ግን አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው። የታጠበ ፀጉር ገጽ ደግሞ አሉታዊ ነው፤ በተጎዳበት ቦታ ይበልጥ። ስለዚህ ቅንጣቷ ማንም ሳይመራት የተላጠውን ቦታ መርጣ ትጣበቃለች፣ የስብ ጫፏን ወደ ውጭ አውጥታ የጠፋውን ሽፋን በከፊል ትተካለች። ለሞገዳማ ፀጉር አንድ ነገር ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ቢጠይቀኝ ሳላመነታ የምጠቁመው ኮንዲሽነርን ነው። የልብስ ሳሙና ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አልካላይነቱ ቅርፊቶቹን ያስነሣቸዋል፣ ፀጉሩም ይሻክራል።

ቅቤስ? እናቶቻችን ለጋ ቅቤ ቀብተው በሻሽ አስረው የሚያሳድሩት በከንቱ አይደለም። ሐመሮችም ቅቤን ከቀይ አፈር ጋር ለውሰው ፀጉራቸውን የሚሠሩት ከዚሁ ዕውቀት ነው። ቅቤ ግን ውሃ አይሰጥም። ፀጉሩን ሸፍኖ የውሃን መግባትና መውጣት ያዘገያል፤ ጎረቤታሞችንም በክብደቱ ያስተኛል። ስለዚህ በደረቀና በተራበ ፀጉር ላይ ቀብቶ ተአምር መጠበቅ ሞኝነት ነው፤ ፀጉሩ ውሃ ከያዘ በኋላ ሲቀባ ነው ሥራው የሚታየው። የኮኮናት ዘይት በዚህ በኩል የተለየ ነው፤ ቅንጣቱ ትንሽና ቀጥ ያለ ስለሆነ ከፊሉ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ይዘልቃል፣ በእጥበት ጊዜ የሚጠፋውንም ፕሮቲን ይቀንሳል።

ግሊሰሪን ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግሊሰሪን ውሃ ሳቢ ነው። መካከለኛ አየር ላይ ፀጉሩን ያለሰልሳል፤ በክረምት ግን ከአየሩ ውሃ እየሳበ ራሱ መንጨባረርን ይጋብዛል። በጋ ላይ ያስደሰተን ቅባት ክረምት ላይ ሲከዳን ቅባቱ አልተበላሸም፤ አየሩ ነው የተለወጠው።

ተልባ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከሁሉም ብልሁ። አንድ እጅ ተልባ በስምንት እጅ ውሃ ተጥዶ እየተማሰለ ሲፈላ የሚወጣው ልጋግ፣ እንደ ጥጥ ሁሉ የስኳር ዘመድ የሆነ ረጅም ሰንሰለት ነው። ትኩስ ሳለ ተጠልሎ፣ ሲበርድ እርጥብ ፀጉር ላይ ሲቀባ ፀጉሮቹን አብሮ ይይዛቸዋል፤ ሲደርቅም ስስ ሽፋን ሆኖ ሞገዱን ያጸናል። ሱቅ የሚሸጠው ጄል የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። መጀመሪያ ድርቅ ብሎ ሲቆም አያስደንግጥ፤ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ በእጅ ጨበጥ ጨበጥ ሲደረግ ድርቀቱ ይሰበራል፣ ሞገዱ ይቀራል። ፍሪጅ ውስጥ ከተቀመጠ ለአንድ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ሽታው ከተለወጠ ይደፋ።

ጸጥታ የሚያስፈልጋት ሰዓት

አሁን ወደዚያች ሰዓት እንመለስ። ማበጠር ካለ ኮንዲሽነሩ ፀጉሩ ላይ ሳለ፣ ገና ውሃው ሥር፣ በሰፋፊ ጥርስ ማበጠሪያ ይለቅ። ፀጉር ሲርስ ከደረቀው ይልቅ በቀላሉ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ከጫፍ ጀምሮ ቀስ እያሉ ወደ ላይ መሄድ ነው። ከታጠበ በኋላ ገና ውሃ እየተንጠባጠበ ተልባው ወይም ጄሉ ይቀባ፤ ተጣብቀው ያሉት ጎረቤታሞች እንደተጣበቁ የሚያዙት ያን ጊዜ ነው። ውሃውን ለማስወጣት ሻካራ ፎጣ አይፈተግበትም። ያረጀ የጥጥ ካናቴራ ይበቃል፤ ፀጉሩን ከታች ወደ ላይ እያፈሱ መጭመቅ ብቻ። ሎረን ማሲ የተባለች የኒው ዮርክ ፀጉር ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ ጥምዝ ፀጉር ባሳተመችው መጽሐፏ ብዙ ሰው የተከተለውን መንገድ ስታስተምር፣ ደረቅ ፀጉርን ከማበጠርና ከጠንካራ ሻምፖ ራቁ ማለቷ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ከዚያ በኋላ የሚሠራ ምንም ሥራ የለም። አትንኩት። የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ እጃችን ወደ ፀጉራችን መሄድ ይወዳል። ጠዋት ጊዜ የሌለው ሰው ማታ ራት ሳይቀርብ ቢታጠብ እስከ መኝታ ይደርቅለታል። በእርጥቡ መተኛት ግን ትራሱን ቢጎዲን ማድረግ ነው።

ፒያስትራ ካውያ አይደለም

የሸሚዙ ምሳሌ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ያለቦታው ከተከተልነው ጉዳት ያመጣል። ሸሚዝ ውሃ ተረጭቶ ይተኮሳል። እርጥብ ፀጉር ላይ ፒያስትራ ማሳረፍ ግን በፀጉሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ያፈላዋል፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ በፀጉሩ ገላ ውስጥ አረፋ ይሠራል፣ ፀጉሩም ከዚያ ቦታ ይሰበራል። ፒያስትራ የግድ ከሆነ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ሙቀቱም ከ200 ዲግሪ በታች ይሁን።

ሌላም ልዩነት አለ። ጥጥ የሌለው አንድ ብርቱ ትስስር ፀጉር ውስጥ አለ፤ የድኝ ትስስር። ውሃም ካውያም አይፈታውም። ፀጉር ከሥጋ በኋላ ዘመናትን ተሻግሮ የሚገኘው በአብዛኛው በእርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ከዐፄ ቴዎድሮስ ራስ የተቆረጠው ፀጉር ከ150 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ከለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ ፀጉርነቱን እንደያዘ ነበር። ሪላክሰር የሚሰብረው ይህንኑ ትስስር ነው። ለዚህ ብርቱ አልካላይ ያስፈልገዋል፤ ራስ ቆዳ ላይ ሲቆይ የሚያቃጥለውም ለዚያ ነው። የተሰበረው ተመልሶ አይቋጠርም፤ ከሥር የሚበቅለው ግን ቀዳዳው ስላልተለወጠ የድሮውን ሞገድ ይዞ ይመጣል። ለትንሽ መንጨባረር ይህን ያህል መክፈል፣ በእኔ ግምት፣ ዝንብ ለመግደል ጥይት መተኮስ ነው። «ኬራቲን» በሚል ስም ለማስተኛት የሚሠሩ ብዙ ሕክምናዎችም ሲሞቁ ፎርማልዴሃይድ የሚባለውን የሚያንቅ ጋዝ ያወጣሉ፤ ማሠራት የፈለገ ቢያንስ መስኮቱ መከፈቱን ይመልከት።

የማግስቱ ፀጉር

ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ትከሻ የሚያልፍ የ30 ሴንቲ ሜትር ፀጉር ጫፉ ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ነው ማለት ነው፤ ያን ሁሉ ፀሐይ፣ ማበጠሪያና ፎጣ አይቷል። ከሥሩ የሚወጣው ወዝም በሞገዱ ላይ እየተንሸራተተ ጫፍ ለመድረስ ይቸገራል። ስለዚህ ሻምፖ ለራስ ቆዳ ነው፣ ኮንዲሽነር ለጫፍ። ሁለቱን ከላይ እስከ ታች እኩል የሚያዳርስ ሰው ሥሩ ቶሎ ሲወዛ ጫፉ ደርቆ ይቀራል።

ማታ ለስላሳ የሳቲን ሻሽ ማሰር ፀጉሩ ትራስ ላይ እንዳይፈተግ ያደርጋል፤ ያልለመደው ሰው ላላ ያለ ሁለት ጉንጉን ቢሠራም ይሆናል። ጠዋት መላውን ፀጉር እንደገና ማርጠብ አያስፈልግም፤ የተነሡትን ብቻ በእርጥብ መዳፍ ተጭኖ መተው ነው፣ ትስስሩ እዚያው ቦታ ብቻ ይፈታና ተኝቶ ይቋጠራል። የተሰነጠቀ ጫፍ ግን በውሃም በቅባትም አይጋጠምም። ቅባት ለአንድ ቀን ያጣብቀው ይሆናል፤ ስንጥቁ ወደ ላይ እንዳይሄድ የሚያቆመው በየጥቂት ወሩ ሁለት ጣት ያህል መከርከም ነው።